ከአመድ እስከ ፍርስራሽ፦ ተረፈ ምርቶች የኮንክሪትን ብክለት ምን ያህል ይቀንሳሉ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ሲሚንቶ ሊገዛ ወደ መደብር ጎራ ሲል ቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ “ኦፒሲ ነው ወይስ ፒፒሲ?” የሚል ነው። ኦፒሲ ለሶሌታና ለኮለን፣ ፒፒሲ ለግንብና ለልስን የሚለው ልማድ ከግንበኛው እስከ ባለቤቱ የታወቀ ነው። ብዙዎች ሁለቱን የሚለዩት በዋጋቸውና በጥንካሬያቸው ነው።

በሁለቱ ከረጢቶች መካከል ግን ብዙም የማይወራለት ሌላ ልዩነት አለ። በኦፒሲ ከረጢት ውስጥ ያለው ከሞላ ጎደል በከፍተኛ ሙቀት ከተቃጠለ የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር የተገኘ ነው። በፒፒሲ ከረጢት ውስጥ ደግሞ የዚህ የተወሰነው ክፍል ወጥቶ በምትኩ ፑሚስ የተባለ፣ ከስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች የፈለቀ ቀላል ድንጋይ ተፈጭቶ ገብቶበታል። ፑሚሱን ምድር ራሷ አስቀድማ ስላቃጠለችው ፋብሪካው ዳግም ማቃጠል አያስፈልገውም።

ኮንክሪትን ለአየር ንብረት የማይከብድ ለማድረግ በዓለም ዙሪያ የሚደረገው ጥረት አብዛኛው ክፍል የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። የድንጋይ ከሰል አመድ፣ የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ፣ የሸንኮራ አገዳ ምጣጭ፣ የሩዝ ገለፈት፣ የፈረሰ ሕንፃ፣ ፕላስቲክ፣ ያረጀ ጎማ፣ ሌላው ቀርቶ የቡና አተላ ሳይቀር ተሞክሯል። ሁሉም “ቆሻሻን ወደ ሀብት መለወጥ” በሚል ስም ቢጠሩም የሚያስገኙት ጥቅም ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ልዩነቱን የሚፈጥረው ቆሻሻው የሚተካው የትኛውን የኮንክሪት ክፍል ነው የሚለው ነው።

ችግሩ ያለው የት ላይ ነው?

ኮንክሪት የሲሚንቶ፣ የአሸዋ፣ የጠጠርና የውሃ ድብልቅ ነው። ከውሃ ቀጥሎ የሰው ልጅ በብዛት የሚጠቀምበት ነገር እንደሆነም ይነገርለታል። ዓለም በየዓመቱ 4 ቢሊዮን ቶን ገደማ ሲሚንቶ ያመርታል። የዘርፉ ድርሻ ሰዎች ከሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ እንደሚሆን ይገመታል። ለንጽጽር ያህል የአውሮፕላን በረራ ድርሻ 2.5 በመቶ አካባቢ ነው።

ከኮንክሪቱ ክብደት ውስጥ ሲሚንቶው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው። ብክለቱ ግን በአመዛኙ የሚመጣው ከዚሁ ጥቂት ክፍል ነው። አሸዋና ጠጠር ተቆፍረው፣ ተፈጭተውና ተጓጉዘው የሚመጡ ናቸው፤ አይቃጠሉም። ሲሚንቶ ግን ከእሳት ውስጥ የሚወጣ ነው።

የሲሚንቶ ልብ ክሊንከር ይባላል። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭተው 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ሲጋገሩ የሚገኝ፣ ድቡልቡል ጠጠር የሚመስል ነገር ነው። ይህ ከጥቂት ጂፕሰም ጋር ሲፈጭ ሲሚንቶ ይሆናል። እንግሊዛዊው ግንበኛ ጆሴፍ አስፕዲን በ1824 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) “ፖርትላንድ ሲሚንቶ” ብሎ የባለቤትነት መብት ካስመዘገበ ወዲህ አሠራሩ ቢሻሻልም መሠረቱ አልተለወጠም።

በምድጃው ውስጥ ካርቦን የሚለቀቅበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ምድጃውን ለማጋል የሚነደው የድንጋይ ከሰል ወይም ሌላ ነዳጅ ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ግን ከድንጋዩ ከራሱ የሚወጣው ነው። የኖራ ድንጋይ በውስጡ ካርቦን አምቆ ይዟል። ሲግል ካርቦኑ በጋዝ መልክ ይለቀቃል። መቶ ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ቢቃጠል ምድጃው ውስጥ የሚቀረው 56 ኪሎ ኖራ ሲሆን 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ ሰማይ ይወጣል። ከክሊንከር ምርት ልቀት 60 በመቶ ያህሉ ከዚህ ኬሚካላዊ ለውጥ የሚመነጭ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ምድጃው በነፋስ ወይም በፀሐይ ኃይል ቢሠራ እንኳ የብክለቱ ዋነኛ ክፍል አይቀርም። የሚቀንሰው ክሊንከሩ ራሱ ሲቀንስ ነው። በመሆኑም ከቆሻሻ ውስጥ ለአየር ንብረት ትልቁን ዋጋ የሚያስገኘው ክሊንከርን መተካት የሚችለው ነው።

ከሮም እስከ ሞንታና

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የጥንት ሮማውያን በናፖሊ አቅራቢያ ከምትገኘው ፖዙኦሊ የሚያመጡትን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር እያዋሐዱ ወደቦችንና ቤተ መቅደሶችን ይሠሩ ነበር። ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት የታነጸው የሮም ፓንተዮን ወደ 43 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው፣ ፌሮ የሌለው የኮንክሪት ጉልላቱን ተሸክሞ እስከዛሬ ቆሟል። “ፖዞላና” የሚለው ቃል የመጣው ከዚያች ከተማ ስም ነው። ፒፒሲ ከሚባለው ሲሚንቶ መካከለኛዋ “ፒ” የምታመለክተውም ይህንኑ ነው።

ፖዞላና በራሱ ከውሃ ጋር ቢደባለቅ አይጠነክርም። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ግን ኖራ የሚመስል ትርፍ ነገር ይፈጠራል። ፖዞላናው ውስጥ ያለው ሲሊካ ከዚህ ትርፍ ጋር ቀስ በቀስ ይጣመርና ተጨማሪ ማያያዣ ይሆናል። የጎንደርን ግንቦች ድንጋዮች ያያያዘውም፣ የስዋሂሊ ጠረፍ ጥንታዊ ቤቶችን ያቆመውም ኖራ ነው። ፖዞላና ለዚህ አሮጌ ማያያዣ አዲስ ጉልበት የሚሰጥ ጓደኛው ነው ማለት ይቻላል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መሐንዲሶች ይህንኑ ባሕርይ በፋብሪካ ተረፈ ምርቶች ውስጥ አገኙት። በአሜሪካ ሞንታና ግዛት በ1953 የተጠናቀቀው ሀንግሪ ሆርስ ግድብ ከድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫዎች ጭስ ውስጥ የሚጠራቀመው ደቃቅ አመድ በብዛት ከገባባቸው ቀደምት ግድቦች አንዱ ነው። አመዱ የተመረጠው ለአየር ንብረት ታስቦ አልነበረም። ሲሚንቶ ሲጠነክር ሙቀት ያመነጫል፤ በግዙፍ ግድብ ውስጥ ይህ ሙቀት ኮንክሪቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። አመዱ ሙቀቱን ያበርዳል፣ ወጪውንም ይቀንሳል።

ከከፍተኛ የብረት ማቅለጫ ምድጃ የሚወጣው ስላግ ደግሞ ከዚህም የበለጠ ጉልበት አለው። ቀልጦ ሲወጣ በውሃ በፍጥነት ቀዝቅዞ ከተፈጨ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ክሊንከር ሊተካ ይችላል። ጀርመንና ኔዘርላንድስ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲጠቀሙበት ቆይተዋል።

የሌሎች ቆሻሻ እየመነመነ ነው

ዓለም ለረጅም ጊዜ የተማመነባቸው እነዚህ ሁለት ተረፈ ምርቶች ግን እየቀነሱ ነው። ብሪታኒያ የመጨረሻውን በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኃይል ማመንጫዋን በመስከረም 2024 ዘግታለች። የኃይል ማመንጫው ሲዘጋ አመዱም አብሮ ይቆማል። የብረት ኢንዱስትሪውም ቁርጥራጭ ብረትን በኤሌክትሪክ ወደሚያቀልጡ ምድጃዎች እየዞረ ሲሆን፣ ከነዚህ የሚወጣው ዝቃጭ እንደ ቀድሞው ስላግ በቀጥታ ሲሚንቶን የሚተካ አይደለም።

ለምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ጉዳዩ ከመጀመሪያውም የተለየ ነው። ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኳን በአመዛኙ የምታገኘው ከውሃ ሲሆን ኬንያ ከከርሰ ምድር እንፋሎት፣ ከውሃና ከነፋስ ታመነጫለች። ይህ ለአየር ንብረት መልካም ዜና ቢሆንም ሌሎች አገራት ለሲሚንቶ የሚጠቀሙበት የድንጋይ ከሰል አመድ በቀጠናው በብዛት አይገኝም ማለት ነው። የሕንድን ወይም የጀርመንን አሠራር እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አይቻልም። ጥያቄው በአካባቢው ያለው ምንድን ነው የሚለው ይሆናል።

ቀጠናው ምን አለው?

ቀዳሚው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተዘረጋው የእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ ነው። ከኢትዮጵያ እስከ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ያሉ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ይጠቀሙበታል። ይህ በጥብቅ አነጋገር ቆሻሻ ባይሆንም የሚጠይቀው መድረቅ፣ መፈጨትና መጓጓዝ ብቻ በመሆኑ የክሊንከርን ያህል ካርቦን አያስወጣም።

ሁለተኛው የእርሻ ተረፈ ምርት ነው። የስኳር ፋብሪካዎች አገዳውን ከጨመቁ በኋላ የሚቀረውን ምጣጭ፣ በኢንዱስትሪው ስሙ ባጋስን፣ በማሞቂያዎቻቸው ውስጥ እያነደዱ እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ያገኙበታል። በመጨረሻ የሚቀረው አመድ ብዙ ጊዜ ይጣላል። አመዱ በሲሊካ የበለፀገ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በወንጂ ስኳር ፋብሪካ አመድ ላይ ያካሄዱትና በ2012 የታተመ ጥናት እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ሲሚንቶ በዚህ አመድ መተካት የኮንክሪቱን ጥንካሬ እንደማይጎዳ አሳይቷል። መተሐራና ፊንጫ፣ የኡጋንዳው ካኪራ፣ የሱዳኑ ከናናም ተመሳሳይ አመድ የሚያስወጡ ፋብሪካዎች ናቸው።

የሩዝ ገለፈትም እንዲሁ ነው። በፎገራ ሜዳ፣ በኬንያ ምዌያ እና በታንዛኒያ ምቤያ ሩዝ ሲፈተግ የሚወጣው ገለፈት ከሩዙ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ተቃጥሎ ከሚቀረው አመድ ውስጥ እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው ሲሊካ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የአቃጠሉ ሁኔታ ወሳኝ ነው። ከ500 እስከ 700 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ በቁጥጥር ከተቃጠለ አመዱ ንቁ ይሆናል። ከልክ በላይ ከጋለ ሲሊካው እንደ ተራ አሸዋ የማይዋሐድ ክሪስታል ይሆናል። በሜዳ ላይ የተከመረና በራሱ የነደደ ገለፈት አመድ ሁለቱንም ዓይነት ቀላቅሎ ስለሚይዝ አይታመንም።

የቡና ገለፈት አመድም በኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ተፈትሿል። ይህ አመድ ግን በፖታሲየም የበለፀገ በመሆኑ መጠኑ ሲበዛ የኮንክሪቱን የመጠንከር ሒደት ሊያዛባና ከአንዳንድ ጠጠሮች ጋር ጎጂ ኬሚካላዊ ግብግብ ሊፈጥር ይችላል። ለቡና ገለፈት የተሻለው ሥፍራ ምድጃው ሊሆን ይችላል። የኡጋንዳው ሂማ ሲሚንቶ ከድንጋይ ከሰልና ከከባድ ዘይት ጎን ለጎን የቡና ገለፈትን እንደ ማገዶ ሲጠቀም ቆይቷል። ይህ የነዳጁን ልቀት ይቀንሳል እንጂ ከድንጋዩ የሚወጣውን አያስቀርም።

ሦስተኛው ሸክላ አፈር ነው። በስዊዘርላንድ ሎዛን በሚገኘው የቴክኖሎጂ ተቋም በፕሮፌሰር ካረን ስክሪቭነር የተመራ ቡድን ከኩባና ከሕንድ ባልደረቦቹ ጋር ያዳበረው ሲሚንቶ የክሊንከሩን መጠን ወደ 50 በመቶ ዝቅ ያደርገዋል። ቀሪው 30 በመቶ የተጠበሰ ሸክላ አፈር፣ 15 በመቶ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ፣ 5 በመቶ ጂፕሰም ነው። ሸክላው የሚጠበሰው ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሆን በውስጡ የታመቀ ካርቦን ስለሌለው ልቀቱን እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። በሞቃታማ አገራት የሚበዛው ነጭና ቀይ ሸክላ ለዚህ ይመቻል። ከሸክላ የተሠራ ጡብ ስብርባሪም በደንብ ሲፈጭ ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ሮማውያንም የተፈጨ ጡብና ገል በኖራ ውስጥ ያገቡ ነበር።

ፍርስራሹስ?

ከተሞች በሚታደሱበት ጊዜ በብዛት የሚገኘው ተረፈ ምርት የሕንፃ ፍርስራሽ ነው። ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳ ጀምሮ በርካታ ሠፈሮች ፈርሰዋል። በናይሮቢና በሌሎች የቀጠናው ከተሞችም አሮጌው እየፈረሰ ፎቅ ይተካዋል።

የኮንክሪት ፍርስራሽ ተፈጭቶ ጠጠርን ሊተካ ይችላል። ከጠጠሩ 30 በመቶ ያህሉ በጥንቃቄ በተለየ ፍርስራሽ ቢተካ የኮንክሪቱ ጥንካሬ ብዙም እንደማይቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። ከዚያ በላይ ሲሆን በአሮጌው ጠጠር ላይ የተጣበቀው ድፍን ሊጥ ውሃ ስለሚመጥ ድብልቁን ማስተካከል ያስፈልጋል። የጭቃ ቤት ፍርስራሽ ግን አፈርና ጭድ የያዘ በመሆኑ ለዚህ አይሆንም። ጂፕሰም፣ እንጨትና ቆርቆሮም ተለይተው መውጣት አለባቸው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመፍጫው ሳይሆን ከአፈራረሱ ነው፤ ፌሮው ለብቻ፣ ብሎኬቱና ኮንክሪቱ ለብቻ፣ ጥርብ ድንጋዩ ለብቻ።

ጠጠርን በፍርስራሽ መተካት ካርቦንን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ዓለም በየዓመቱ 50 ቢሊዮን ቶን አሸዋና ጠጠር እንደሚጠቀም ገምቷል። በኬንያ ማኩዌኒ አካባቢ አሸዋ ከወንዞች እየተዛቀ ውሃ መጥፋቱና ግጭት መነሣቱ የአካባቢውን አስተዳደር በ2015 የአሸዋ ጥበቃ ሕግ እንዲያወጣ አድርጎታል። በኡጋንዳ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ያለው የልዌራ ረግረግም በአሸዋ ቁፋሮ ተጎድቷል። እያንዳንዱ የተፈጨ ፍርስራሽ መኪና አንድ የወንዝ አሸዋ ወይም የካባ ድንጋይ መኪና ሊያስቀር ይችላል።

ከአሮጌ ኮንክሪት ክሊንከርን መልሶ ማግኘት ይቻል ይሆን? የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት መንገድ አሳይተዋል። ከፍርስራሹ የተለየውን አሮጌ የሲሚንቶ ሊጥ ቁርጥራጭ ብረት በሚያቀልጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ በኖራ ምትክ ይጨምሩታል። ብረቱን ያጠራና ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቀዝቅዞ ሲፈጭም ክሊንከር ይመስላል። ኖራው ካርቦኑን የለቀቀው ከዓመታት በፊት በመጀመሪያው ምድጃ ውስጥ በመሆኑ ዳግም የሚለቀው እጅግ ትንሽ ነው።

ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ ብርጭቆ

በመጋቢት 2017 በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በነሐሴ 2024 በካምፓላ ኪቴዚ ተመሳሳይ ናዳ ከ30 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ለእነዚህ ከተሞች ቆሻሻን መቀነስ በራሱ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሆኖም ወደ ኮንክሪት የገባ ቆሻሻ ሁሉ ሲሚንቶ ይቆጥባል ማለት አይደለም።

የፕላስቲክ ስብርባሪ በአሸዋ ምትክ ሲገባ ከሲሚንቶው ጋር አጥብቆ አይያያዝም። መጠኑ በጨመረ ቁጥር ጥንካሬው ይወርዳል። ድብልቁን ለማጠንከር ተጨማሪ ሲሚንቶ ከተጨመረ ደግሞ ብክለቱ ከመቀነስ ይልቅ ሊጨምር ይችላል። የጎማ ፍርፋሪም ጥንካሬን ይቀንሳል፤ ንዝረትንና ግጭትን ስለሚውጥ ግን ለእግረኛ መንገድና ለመንገድ ዳር መከለያ ይሆናል። ብርጭቆ በጠጠር መጠን ከገባ ከሲሚንቶው ጋር ባለው ኬሚካላዊ ግጭት ኮንክሪቱን አሳብጦ ሊሰነጥቀው ይችላል። ያው ብርጭቆ እንደ ዱቄት ከደቀቀ ግን ፖዞላና ሆኖ ሲሚንቶን ይተካል። አንዱ ዕቃ በመጠኑ ብቻ ጠላትም ወዳጅም ይሆናል ማለት ነው።

ፕላስቲክ የተሻለ ውጤት ያመጣው ሲሚንቶን ሙሉ በሙሉ ሲተው ነው። ናይሮቢ ውስጥ ኢንጂነር ንዛምቢ ማቴ የመሠረተችው ጄንጌ ሜከርስ ፕላስቲክን ከአሸዋ ጋር አቅልጦ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ይሠራል። ማቴ ለዚህ ሥራዋ በ2020 ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የወጣት ሻምፒዮን ሽልማት አግኝታለች። በአዲስ አበባ ደግሞ ቅዱስ አስፋው ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ኩቢክ የፕላስቲክ ቆሻሻን እርስ በርስ ወደሚገጣጠሙ የግድግዳ ማገጣጠሚያዎች ይለውጣል። በእነዚህ ውስጥ ያለው ቁጠባ ብሎኬት ለመሥራት ይውል የነበረው ሲሚንቶ ጭራሹን መቅረቱ ነው።

በ2018 ሥራ የጀመረው የረጲ የኃይል ማመንጫን የመሰሉ ማዕከላት የሚያስወጡት የቆሻሻ አመድም አለ። በኔዘርላንድስና በዴንማርክ እንዲህ ያለው የታችኛው አመድ ለመንገድ መሠረት ይውላል። ወደ ኮንክሪት ከመግባቱ በፊት ግን በውስጡ ያለው አሉሚኒየም መውጣት አለበት። አሉሚኒየም ከሲሚንቶ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጂን ጋዝ አውጥቶ ኮንክሪቱን ያሳብጠዋል። እርሳስን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች መኖራቸውም መመርመር ይኖርበታል።

የቡና አተላ ነገር

በ2023 ከአውስትራሊያ የተሰማ ዜና የቡና አገሮችን ትኩረት ስቧል። በሜልበርን የአርኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ራጂቭ ሮይቻንድና ባልደረቦቹ የቡና አተላን ኦክስጅን በሌለበት በ350 ዲግሪ አክስለው ከአሸዋው 15 በመቶውን ሲተኩበት የኮንክሪቱ ጥንካሬ ወደ 30 በመቶ ገደማ ጨምሯል።

ምስጢሩ መከሰሉ ነው። ያልተከሰለ አተላ ከውስጡ የሚወጡት ንጥረ ነገሮች ሲሚንቶው እንዳይጠነክር ያደርጋሉ። ከሰሉ ግን ውሃ ይዞ ይቆይና ከውስጥ ሆኖ ኮንክሪቱን ያጠጣዋል። በዚህ ረገድ የሜልበርን ሁኔታ ከአዲስ አበባ ይለያል። እዚያ አተላው ከካፌዎች በጅምላ ይሰበሰባል። እዚህ አብዛኛው ቡና የሚፈላው በየቤቱ ነው፤ አተላውም በየጀበናው ይቀራል። በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ የሚገኘው የቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ገለፈት ነው።

ቁጠባው በቁጥር

አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ለመሥራት 350 ኪሎ፣ ማለትም ሰባት ከረጢት ሲሚንቶ ገባ እንበል። አንድ ቶን ክሊንከር 850 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል ብለን ብንይዝ፣ 95 በመቶው ክሊንከር የሆነ ሲሚንቶ በሜትር ኩቡ 283 ኪሎ ልቀት ይኖረዋል። ክሊንከሩ ወደ 70 በመቶ ቢወርድ ልቀቱ 208 ኪሎ ይሆናል። ልዩነቱ 75 ኪሎ ገደማ ነው። መቶ ካሬ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው አንድ ሶሌታ ላይ ቁጠባው አንድ ቶን ተኩል ይደርሳል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን የሲሚንቶው መጠን ሳይጨምር የሚፈለገው ጥንካሬ ከተገኘ ነው። ፖዞላና ያለው ሲሚንቶ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። በሰባተኛው ቀን ከኦፒሲ ወደኋላ ሊቀር ይችላል፤ በአግባቡ ከተያዘ ግን በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይደርስበታል። ተቋራጩ ካሳፎርማውን ቶሎ ለማንሣት ሲል ኦፒሲን የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ፀሐይ በበዛበት አገር ውሃ ማጠጣቱ በሦስተኛው ቀን ከተቋረጠ ደግሞ ፖዞላናው ሥራውን ሳይጨርስ ይደርቃል። ከዚያም “ፒፒሲ ደካማ ነው” ይባላል። እንዲህ ያለውን ኮንክሪት ቢያንስ ከ10 እስከ 14 ቀን እርጥብ አድርጎ ማቆየት ይመከራል።

በአካፋ የማይሠራ ሥራ

ከዚህ ሁሉ አንድ አደገኛ ድምዳሜ ላይ መድረስ ይቻላል፤ አመድ ሲሚንቶን ከተካ በግንባታው ሥፍራ ለምን በአካፋ አይጨመርም የሚል። ሲሚንቶ በሚወደድበትና በሚጠፋበት ጊዜ ፈተናው ይበረታል።

የምድጃ አመድ፣ የዳቦ ቤት አመድ ወይም ከሜዳ የታፈሰ የገለፈት አመድ ግን ፖዞላና አይደለም። ያልተቃጠለ ከሰል፣ አፈርና ጨው ይይዛል። ከቀን ቀን ይለያያል፤ በበቂ መጠን አልደቀቀም። የሶሌታንና የኮለንን ጥንካሬ በማይታይ መንገድ ይቀንሳል። በጥናቶቹ የተገለጸው መጠን የተገኘው በቁጥጥር ከተቃጠለ፣ ከተፈጨ፣ ከተመረመረና እስከ 28ኛው ቀን ድረስ ከተፈተነ አመድ ነው። ይህ የፋብሪካና የቤተ ሙከራ ሥራ ነው።

ለገዢው የሚቀረው ከረጢቱን ማንበብ ነው። 32.5 እና 42.5 የሚሉት ቁጥሮች ሲሚንቶው በ28 ቀን የሚደርስበትን የጥንካሬ ደረጃ ያሳያሉ። ፖዞላና ያለው ሲሚንቶም በ42.5 ደረጃ ሊመረት ይችላል። ስለዚህ “ፒፒሲ” የሚለው ስም ብቻውን ሲሚንቶው ለምን እንደሚሆን አይናገርም፤ የሚናገረው ቁጥሩና የመሐንዲሱ ንድፍ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ትንበያ እንደሚያሳየው የአፍሪካ ሕዝብ በ2050 ወደ 2.5 ቢሊዮን ይጠጋል። የሚያስፈልጉት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ድልድዮች አብዛኞቹ ገና አልተሠሩም። ለዓለም ሙቀት መጨመር እጅግ አነስተኛ ድርሻ ያለው አህጉር አትገንባ ሊባል አይችልም። በየአንዳንዱ ከረጢት ውስጥ የሚገባውን ክሊንከር ግን መቀነስ ይችላል። መንግሥታት በሕዝብ ግንባታዎች ጨረታ ላይ የጥንካሬ ደረጃውን ወስነው ዝቅተኛ ክሊንከር ላለው ሲሚንቶ ቅድሚያ ቢሰጡ፣ ከተሞችም ፍርስራሽ ሳይለይ እንዳይጣል ቢከለክሉ የስኳር ፋብሪካው አመድና የፈረሰው ግንብ ገዢ ያገኛሉ። ያን ጊዜ በሲሚንቶ መደብሩ ከ“ኦፒሲ ነው ወይስ ፒፒሲ?” ቀጥሎ “ክሊንከሩ ስንት በመቶ ነው?” የሚል ጥያቄ መሰማቱ አይቀርም።